ዘጌ፤ ማረሻ ያልገባባት የፍሬ ምድር

በማለዳ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የተነሣ መንገደኛ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዘ፥ ከፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ደን ለብሶ በውሃው ላይ የተጋደመ ኮረብታ ያያል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው አገር አብዛኛው ታርሶና ተግጦ ገላጣ ሆኖ ሲታይ፥ ይህ ኮረብታ ከውሃው ዳር ጀምሮ እስከ አናቱ ድረስ በዛፍ ተሸፍኖ ይገኛል። ስሙም ዘጌ ነው። እንደ መልክዐ ምድር አዋቂዎች አነጋገር ዘጌ ደሴት አይደለም፤ በሦስት ወገን ውሃ የከበበው፥ በአንድ ወገን ግን ከጎጃም የብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ይሁን እንጂ የሕዝቡ አኗኗር፥ የመነኮሳቱ ሥርዓትና የገበያው ነገር ሁሉ የደሴትን ኑሮ ስለሚመስል፥ ከጣና ደሴቶች ጋር የሚቈጥረው ሰው እጅግ ተሳስቷል አይባልም።

ስለ ዘጌ ገዳማት ብዙ ተጽፏል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ሥዕሎች፥ አዝዋ ማርያም፥ በትረ ማርያም፥ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ሥላሴ፥ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት በመንገደኞች መጽሐፍ ሁሉ ይጠቀሳሉ። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሥዕልና ስለ ብራና ልንጽፍ አላሰብንም። በዚያ ደን ውስጥ ባልና ሚስት ቤት ሠርተው፥ ልጅ አሳድገው፥ ሰንበትንና በዓልን አክብረው ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? ውሃ ከወዴት ይቀዳሉ? ልጆቻቸውስ አድገው በምን ይተዳደራሉ? አንባቢዎቻችንም እንደ እኛ ይህን ለማወቅ የሚፈልጉ ይመስለናል።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመጀመር፥ የዘጌን ኑሮ ከሌላው የጎጃም ኑሮ የሚለየው አንድ ሥርዓት ነው። በዘጌ ምድር በበሬ አይታረስም፤ ላምና በሬ፥ ትላልቅ ከብትም አይረባም። የዚህ ሥርዓት ምንጭ ገዳሙን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። አባቶች እንደሚተርኩት፥ ጻድቁ በአሥራ ሦስተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደዚህ ስፍራ መጥተው በጸሎት ተወስነው ሳሉ፥ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በተክል ፍሬ እንዲኖር ቃል ኪዳን ከእግዚአብሔር ተቀበሉ። በእጃቸው የነበረውንም በትር ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፥ አንዱ ጌሾ፥ አንዱም ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። እስከ ዛሬ ድረስ የዘጌ ሰው ገንዘብ ከእነዚህ ከሦስቱ ይወጣል። ማንጎና ፓፓያም በየጓሮው አይታጡም፤ ቤት የሚያቆሙት ግን ሦስቱ ናቸው።

ይህ ሥርዓት ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲኖሩበት ግን ከባድ ነው። የሚያርስ ገበሬ ዝናብ ቢያጥርበት እንኳ ከጎተራው ጥቂት እህል ሊያገኝ ይችላል። የዘጌ ሰው ጎተራ የለውም። የሚበላውን ጤፍና ዳጉሳ፥ በቆሎውንም ጭምር፥ ከአንገቱ ወዲያ ካለው የሚታረስ አገር በገንዘብ ይገዛል። ገንዘቡን የሚያገኘውም ቡናውን፥ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ ነው። ስለዚህ የእህል ዋጋ ሲወጣና የቡና ዋጋ ሲወርድ፥ ሁለቱም ዱላ በአንድ ጀርባ ላይ ያርፋሉ። ብዙ ሰው ዘጌን በደኑ አይቶ ባለጠጋ አገር ነው ይላል። ባለጠግነቱ ግን በእያንዳንዱ ገበያ ቀን የሚመዘን ባለጠግነት ነው።

ተክሉ ራሱ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ጥቂት እንናገር። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። በዘጌ ቡናው በፀሐይ ላይ ተጋልጦ አይቆምም፤ ከበላዩ ዋንዛው፥ ብርብራው፥ ሰሳው ጥላውን ዘርግቶለት ያድጋል። ከብት ስለሌለ ፍግ የለም፤ የዚያ ፈንታ ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል በሥሩ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ማረሻ የለም ማለትም ሥራ የለም ማለት አይደለም። በዶማ መኮትኮት፥ አረም መንቀል፥ ያረጀውን ግንድ መቁረጥ፥ ጦጣ መጠበቅ አለ። ጦጣዋ የበሰለውን ቀይ ፍሬ ከባለቤቱ ቀድማ ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ቡናው ነጭ አበባ ያብባል፤ በዚያ ሰሞን በደኑ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሽታውን ሳይረሳው ይኖራል። ፍሬው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ለቀማው የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሕፃናት ከታችኛው ቅርንጫፍ፥ ትልልቆቹ ከላይኛው ይለቅማሉ። ከዚያም እሸቱ ከነልብሱ በፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። በከተማ በሲኒ የምንጠጣው ቡና ስንት ጊዜ በስንት እጅ እንዳለፈ ከዚህ ማወቅ ይቻላል። ጌሾው በበኩሉ ችኩል አይደለም፤ ቅጠሉና ጭራሮው ደርቆ ታስሮ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ለጠላና ለጠጅ የሚፈለግበትን የበዓል ሰሞን ጠብቆ ያወጣዋል። የዘጌ እናቶች ጌሾን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ያዩታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ አንወድም። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ድረስ በአገራችን ብዙ ካህናት ቡና መጠጣትን የክርስቲያን ልማድ አይደለም እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነቀፋው እየላላ የሄደው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬም ከአፋቸው የማያደርሱት መነኮሳት አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በገዳማት ዙሪያ፥ በደወል ድምፅ ሥር፥ ቡናው ይለማ ነበር፤ ነጋዴም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እያሻገረ ይሸጠው ነበር። ከዚህም ጋር የሚያሳዝነውን መደበቅ አይገባንም። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዚያ ቡና ብዙውን የኮተኮተውና የለቀመው የባሪያ እጅ ነበር። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ይህን በሰነድ አረጋግጠው ጽፈውታል። ስለ ዘጌ ቅድስና ስንናገር በዚያ ደን ውስጥ ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉትን ሰዎችም ማሰብ ተገቢ ይመስለናል።

አሁን ወደ ከተማዪቱ እንምጣ። የዘጌ ከተማ አፋፍ ትባላለች። ባሕረ ገቡ ከየብስ በሚያያዝበት በአንገቱ ላይ ስለምትገኝ ለደኑ በር ናት። ወደ ውስጥ የቡናውና የገዳማቱ አገር አለ፤ ወደ ውጭ የበሬና የማረሻ አገር ይጀምራል። ገበያዋም የሁለቱ አገር ሰዎች የሚገናኙበት ነው፤ አንዱ እህል ይዞ ይመጣል፥ ሌላው ቡና፥ ጌሾና ሎሚ ይዞ ይወጣል። በአፋፍ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አለ፤ የመኪና መንገድ ከባሕር ዳር ጋር ያገናኛታል፤ የመብራትና የስልክ ጥቅምም ደርሷታል። ሻይ ቤቶቿና ጠላ ቤቶቿ በገበያ ቀን ይሞላሉ። ከከተማዪቱ አልፎ ወደ ደኑ ለሚገባ ግን መንገዱ ለእግረኛ ብቻ የሚበቃ፥ በሥርና በድንጋይ የተሞላ፥ በክረምትም የሚያንሸራትት ነው።

የጭነት ከብት ስለሌለ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ በሰው ጀርባ ያልፋል። ይህን ነገር ከገዳሙ ሥርዓት ጋር አያይዞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛ ግን በመንገዱ ላይ ቆመን አይተነዋል። የጤፉ ከረጢት፥ የውሃው እንስራ፥ የጌሾው እስር፥ የማገዶው ሸክም በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። አንዲት እናት በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ሽቅብና ቍልቍል እንደምትመላለስ ብንጠይቃት ሳቀች እንጂ አልቈጠረችም። ቃል ኪዳኑ በሬውን ከቀንበር አሳርፎታል፤ ሸክሙ ግን ማረፊያ አግኝቷል ለማለት አንደፍርም። ስለዚህ ለዘጌ ስለሚያስፈልገው ነገር የሚመክር ሰው ሁሉ ከምንም አስቀድሞ የእግር መንገዱን ቢያስተካክልና ውሃውን ወደ ቤት ቢያቀርብ፥ ለእናቶች ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ይቈጠርለታል።

ስለ ውሃ ካነሣን አይቀር፥ ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር እናክል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ በደጁ ያለ ሰው ውሃ ይቸግረዋል ብሎ የሚያስብ የለም። ነገር ግን በጣና ዳር ብልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። የበሽታው ትል ዕንቍላል ከታማሚ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ በዚያም ተፈልፍሎ በውሃ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ደቂቅ ትልም በውሃው ውስጥ የቆመውን፥ የሚታጠበውን፥ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ሕፃናት ከሐይቁ ዳር ሲጫወቱ፥ እናቶች ልብስ ሲያጥቡና ውሃ ሲቀዱ የሚይዛቸው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ፥ የሚያድንም ነው፤ ሰው ተመልሶ ወደዚያው ውሃ ከገባ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል። ለመታጠቢያ የሚሆን ውሃ ተቀድቶ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በንጹሕ ዕቃ ቢቀመጥ ደቂቅ ትሉ ይሞታል፤ ማፍላትም ይገድለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየቤቱ መጸዳጃ ቈፍሮ ዐይነ ምድር ወደ ሐይቁ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ይህ ምክር ለዘጌ ብቻ ሳይሆን በሐይቅና በወንዝ ዳር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሁሉ ነው። ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጡት ትምህርት ቢጨምሩት መልካም ነበር፤ ሕዝቡ ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቱን ቃል ፈጥኖ የሚሰማበት ጊዜ አለና።

አሁን ከልብ የሚያሳስበውን ነገር እንናገር። ቤተሰብ ይበዛል፤ መሬቱ ግን አይሰፋም፤ በሦስት ወገን ውሃ ነው። አባት አራት ልጆች ቢኖሩት የቡናው ቦታ ለአራት ይከፈላል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ድርሻው ለጎጆ መሥሪያና ለጥቂት እግር ቡና ብቻ የሚበቃ ይሆናል። ቀድሞ ደኑን የሚጠብቀው የገዳማቱ ሥልጣን ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ግን የገዳማት ርስት ቀረ፤ ዛፍ ለመቁረጥም ከአበምኔቱ ፈቃድ መጠየቅ እንደ ድሮው የማይታለፍ ነገር አልሆነም። ቡና ደግሞ ዋጋው የሚወሰነው ዘጌ በማታውቃቸው አገሮች ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ እጅግ በወደቀ ጊዜ፥ በአገራችን ቡና አብቃይ የሆነ ቤተሰብ ሁሉ የደረሰበትን ችግር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ይኖራሉ።

ቡናው ዋጋ ሲያጣ፥ ጎተራ የሌለው ሰው ምን ይሸጣል? ዛፉን ይሸጣል። በማለዳ በሐይቁ ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት ታንኳዎች የሚጭኑት ማገዶ ነው። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ቀላል መርከብ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወደ የብስ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ሰውዬው በማገዶው ክምር ኋላ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ እየቀዘፈ ብዙ ሰዓት ይጓዛል፤ ማታም ባዶውን ወይም እህል ጭኖ ይመለሳል። ሞተሩን ለማያስነሣ ድኻ ይህ መንገድ ነጻ ነው፤ የሚከፈለው በክንዱ ጉልበት ብቻ ነው። እኛ ይህን ሰው ደን አጥፊ ብለን ለመክሰስ አንችልም። በቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉ፤ እንዲያርስ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም፤ ከብት ሊያረባ አይችልም። ሥርዓቱን አፍርሶ ቢያርስ ይቀልለው ነበር፤ ግን አላረሰም። ቃል ኪዳኑን ለመጠበቅ ሲል ቃል ኪዳኑ የጠበቀለትን ዛፍ ይቈርጣል። የነገሩ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው።

ጎብኚው ለጥቂት ዓመታት ጥሩ ረዳት ሆኖ ነበር። ከጀልባው መውረጃ ጀምሮ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ድረስ ባለው መንገድ ዳር ወጣቶች ትናንሽ ታንኳ፥ የተሣለ ብራና፥ ቡናና ሎሚ ይሸጡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝ፥ ከዚያም በኋላ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ጦርነት መንገደኛውን አስቀረው። በመንገደኛ ላይ የተመሠረተ ገቢ መንገደኛው ሲቀር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርቅ የዘጌ ወጣቶች ተምረዋል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣና በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ ከዓለም የተፈጥሮ ሀብት መጠበቂያ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። መልካም ነው፤ ክብሩም የሚገባው ነው። ነገር ግን የክብር ምዝገባ ብቻውን የጤፍ ዋጋ አይከፍልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ከደኑ ይልቅ አስቀድሞ ስለ ፍሬው ዋጋ መታሰብ አለበት እንላለን። የዘጌ ቡና በጥላ ሥር፥ ያለ ማረሻና በቅጠል ማዳበሪያ ብቻ የሚያድግ ቡና ነው፤ እንዲህ ያለውን ቡና ስሙን ጠርተው፥ ከሌላ ሳይቀላቅሉ፥ በተሻለ ዋጋ የሚገዙ ገበያዎች በዓለም አሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀም፥ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ፥ በማኅበር ሆኖ መሸጥ ነው። ገዳማቱ በዚህ ሥራ መሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕዝቡ ያምናቸዋልና። ሎሚውም ቢሆን በገበያ ቀን በክምር ከሚሸጥ ተጨምቆ በጠርሙስ ቢታሸግ፥ ለሴቶች የቤት ውስጥ ሥራ ይወጣው ነበር።

ሁለተኛው ነገር በእኛ በከተማ ሰዎች ቤት ነው። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን ማገዶ የሚያነድደው የባሕር ዳር ቤተሰብ ነው፤ ከማገዶውም አብዛኛውን የሚፈጀው የእንጀራ ምጣድ ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ከክፍት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጢሱም ለጋጋሪዋ ዐይን ይቀልላታል። መብራት ባለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቻላል። አንዲት የከተማ እመቤት ምድጃዋን ብትለውጥ፥ በማታውቀው የዘጌ ጓሮ ያለች አንዲት ዋንዛ ከዚያው ላይ ትቆያለች። በእርግጥ ማገዶ ሻጩ ያን ጊዜ ገቢው ይቀንስበታል፤ ስለዚህ ነው የፍሬውን ዋጋ አስቀድመን የጠቀስነው።

በዘጌ በነበርንበት ቀን ያስተናገዱን እናት ቡና አፍልተው አጠጡን። ቡናው ከገዛ ጓሯቸው፥ ሲኒው ከባሕር ዳር፥ ቁርሱ ከአፋፍ ገበያ የተገዛ የዳጉሳ ቂጣ ነበረ። ከልጆቻቸው አንዱ በገዳሙ የአብነት ትምህርት ቤት ዜማ ይማራል፤ ሌላው ባሕር ዳር የግንበኛ ረዳት ሆኗል፤ ታናሽቱ ደግሞ በአፋፍ ትማራለች። የቡናው ቦታ ለማን እንደሚቀር ብንጠይቃቸው፥ ለሚመለሰው ነው ብለው ወደ ጀበናቸው ዞሩ። ስንነሣም ሎሚ በነጠላችን ጫፍ ቋጠሩልን፤ ገንዘብ ብንሰጥ አልተቀበሉም፤ ለኪዳነ ምሕረት ሙዳየ ምጽዋት ክተቱልኝ አሉን።

በነጋታው ማለዳ ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ታንኳ ከፊታችን ታየች። የማገዶው ክምር ከፍ ከማለቱ የተነሣ ቀዛፊው አይታይም፤ ዘንጉ ብቻ በግራና በቀኝ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ጀልባ ነጂያችን ገና ከሩቅ ሳለ ሞተሩን አቀዘቀዘው፤ የእኛ ማዕበል ቢመታው ይገለብጠዋል አለን። ታንኳው ከጎናችን ባለፈ ጊዜ ቀዛፊው ከክምሩ ኋላ ቀና ብሎ፥ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሲል ሰማነው። ነጂያችንም እስኪርቅ ድረስ ሞተሩን ሳያፈጥን በዝግታ ነዳ።